«አፍንጫህን ያዝ፣ ንፋ!»

የማኅበራችን ሊቀመንበር፣ የጀልባ ሰዎች፣ የሚዛን ክፍል እህቶቼ፣ ደግሞም ዛሬ የምንሸኛቸው የጠላቂዎች አለቃ፣ ናሆዛ ላሊ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ናሆዛ፣ ለእርስዎ ስል ጮክ ብዬ ነው የማነበው። ፊት ለፊት እንዲያስቀምጡዎ ለአስተናጋጆቹ ነግሬያለሁ። ደህና የሚሰማው ቀኝ ጆሮዎ ወደ እኔ እንዲሆንም ነግሬያለሁ። ስለዚህ ዛሬ «አልሰማሁም» የለም።

ባለፈው ሳምንት ሊቀመንበሩ ሚዛኑ ጋ መጣና «የስዋሌ እናት፣ ከናሆዛ ጋር ከሁላችን በላይ የሠራሽው አንቺ ነሽ። ሰውን የሚያስቅ ነገር ጻፊ» አለኝ።

«ምን ያህል ያስቅ?» አልኩት።

«መጠነኛ።»

«መጨረሻውስ?»

«መጨረሻ ላይ ታመሰግኛቸዋለሽ። ከዚያ ጭማቂ እንጠጣለን።»

እንደተባልኩት አደርጋለሁ። ስጽፍ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ አንዱንም ሳልዘል አነባለሁ፤ ታገሡኝ።

እርስዎ እዚህ ኪዚንጊቲኒ የመጡበትን ቀን ከእኔ ሌላ የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው። ማኅበሩ ገና አዲስ ነበር። ሎብስተር የምንመዝንበት ዳስ ጣሪያው የኮኮናት ቅጠል ነበር። «ከፋዛ ትልቅ ጠላቂ ይመጣል፤ ዓሣ እንኳ ሲያየው መንገድ ይለቃል» ተባለና ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ማራገፊያው ላይ ተሰለፈ። ጀልባዋ ቀረበች። እርስዎ ነጭ ካንዙ ለብሰው፣ ኮፍያ ደፍተው ከፊት ቆመዋል። «ገመድ ወርውሩላቸው!» ሲባል «ገመድ ለማን ነው?» አሉና ዘለሉ። ደረጃውን የባሕር ሣር አልብሶት ነበር። የደሴቶቹ ሁሉ ትልቅ ጠላቂ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ በጀርባው ተዘረረ። ሲነሱ ካንዙው ጭቃ ሆኗል፤ ኮፍያው ወደ መጣበት ወደ ፋዛ መመለስ ጀምሯል። እኛ ከንፈራችንን ነክሰን ቆመናል።

«ምን ሆኑ ናሆዛ?» አለች አንዷ።

«ጥልቀቱን እየለካሁ ነው» አሉ።

«ስንት ሆነ?» አልኩ እኔ።

«ለመጀመሪያ ቀን ይበቃል» አሉ።

ያን ቀን በጣም ሳቅሁ። ሰውየውንም ያን ቀን አወቅሁት። ወድቆ መሬት ላይ ተኝቶም ቢሆን ወደቅሁ አይልም።

ልማዳቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠዋት ጀልባ ሲያስወጡ የሚጮኹት ጩኸት የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ያስንቃል። ባለቤታቸው ቢ ምዋናሐዋ «ባሌ ምሥጢር ሲነግረኝ ማግሥቱን ጎረቤት ምክር ይሰጠኛል» ትላለች። እሳቸው ስለማይሰሙ ሌላውም የማይሰማ ይመስላቸዋል። አልሰማሁም ማለት ግን ነውር ነው። ስለዚህ ለተጠየቁት ሁሉ መልሳቸው «ልክ ነው» ነው። ያ ከመንግሥት የመጣው ተቆጣጣሪ ትዝ አይላችሁም? መነጽሩን ወልውሎ፣ እስክሪብቶውን አውጥቶ «እንቁላል ያዘሉትን ሎብስተሮችም ታወጣላችሁ የሚባለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀ። ናሆዛ ደረታቸውን ነፍተው «ልክ ነው!» አሉ። ሊቀመንበሩን ላብ አጠመቀው። «አልፎ አልፎ ነው ወይስ ሁልጊዜ?» አለ ተቆጣጣሪው። «ልክ ነው!» አሉ እንደገና፤ እንዲያውም ሰውየውን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ያን ወቅት ማኅበሩ ተዘግቶ ከረመ። እሳቸው ዛሬም ድረስ ተቆጣጣሪው ማኅበሩን የዘጋው ለምን እንደሆነ አያውቁም።

የሠርጉን ጉዳይማ ማን ይረሳል። ሙሽራው ገና ሳይቀመጥ «ናሆዛ፣ ጭሱን! ጭሱን!» ይባላል። ሲጋራ ይለኮሳል። እሳቸው ይስቡና አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ ጉንጫቸውን ይነፋሉ፤ ጭሱ በግራ ጆሯቸው ይወጣል። ሰው ያጨበጭባል። የኔ ወጥ ቤት ጭስ ማውጫ አልሠራ ብሎኝ ዓይኔ ሲያለቅስ ነው የኖረው፤ ናሆዛ ግን ጭስ ማውጫቸውን ራሳቸው ላይ ተክለውት ይዞራሉ። ሰው በሰውነቱ ቀዳዳ ሲኩራራ ያየሁት በእኛ ደሴት ነው።

ጭሱ ለሠርግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ከእናንተ ጋር አጨበጭብ ነበር። እርስዎ ግን የጠላቂነት ማረጋገጫ አደረጉት። አዲስ ሰው ጀልባችን ላይ ሲወጣ መዋኘት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። «አፍንጫህን ያዝ፣ ንፋ!» ነው የሚባለው። ጆሮው ካፏጨ የእኛ ሰው ነው። ካላፏጨ እስኪያፏጭ ድረስ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ታምቡሩ ይቀደዳል፤ ደም ይፈሰዋል። የቆዩት ጀርባውን እየመቱ «አሁን ተከፈትክ!» ይሉታል። ሰው እንደ ቆርቆሮ ይከፈታል በእኛ አገር።

ልጄ ስዋሌም እንደዚያው ተከፈተ። ለዓመታት ከጆሮው መግል ይወርድ ነበር። ትራሱን ሳላጥብ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። እጮኛው ሩኪያ «በየት በኩል ልቀመጥ?» ብላ ስትጠይቀው «ስትቆጪኝ በግራ፣ ስታመሰግኚኝ በቀኝ» ይላት ነበር። እየሳቀ ነው የሚላት። ቤት ሲገባ ግን አይስቅም። አንድ ቀን «እማ፣ ልጅ ስወልድ ሲያለቅስ መስማት እፈልጋለሁ» አለኝና ሞምባሳ ሄደ።

ታምቡሩን ጠገኑለት። ከጆሮው በላይ ካለው ሥጋ ስስ ሽፋን ወስደው ቀዳዳውን ደፈኑት። ሲመለስ ራሱ ተጠቅልሎ ነበር። ምላሱ ላይ የብረት ጣዕም ቀርቶበት «እማ፣ የዛሬው ዓሣ ሚስማር ሚስማር ይላል» ይለኛል። «ሚስማር ከዓሣ ይወደዳል፤ ዝም ብለህ ብላ» እለዋለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ ይጮሃልም ይል ነበር። የጠገነችው ሐኪም ይህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣና የሚሄድ ነው፣ አትደንግጡ ብላናለች። እሷ የፈራችው ሌላ ነበር። «አትናፈጥ። ሲያስነጥስህ አፍህን ክፈት። ከባድ ነገር አታንሳ። ውሃ አይንካው። መጥለቅ ደግሞ እኔ ራሴ አይቼው ካልፈቀድኩልህ በቀር በጭራሽ» ብላዋለች። ስዋሌም እንደ ፋቲሓ ሸምድዶት ነበር።

የጆሮው እሽግ ከወጣ በኋላ አንድ ማለዳ ውሃ ይዤ ስገባ ካልጋው ቀና አለ።

«እማ፣ ነጠላ ጫማሽ እንዲህ ነው እንዴ የሚጮኸው?»

«ሲጮኽ ነው የኖረው» አልኩት።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጫማዬን ሆን ብዬ እየጎተትኩ ነበር ቤት ውስጥ የምመላለሰው።

ከዚያ እርስዎ ዘንድ መጣ። ሥራ ሊጠይቅ አልነበረም፤ አለቃዬን ሰላም ልበል ብሎ ነው። ጀልባዎች እየተራገፉ ስለነበር ማራገፊያው ላይ ሰው ሞልቷል። እዚያ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። ያልነበራችሁም በሳቅ ሲነገር ሰምታችሁታል፤ እኔ ደግሞ ያለ ሳቅ ልንገራችሁ።

«የሞምባሳው ሙሽራ! ሰፉህ አሉ?» አሉት።

«ጠገኑኝ፣ ናሆዛ።»

«እስቲ ስፌቱን እንየው። አፍንጫህን ያዝ፣ ንፋ!»

«ሐኪሟ ከልክላኛለች።»

«ሐኪሟ ስንት ሎብስተር ይዛ ታውቃለች?»

ሰው ሳቀ። ልጄ አፍንጫውን አልያዘም። የያዙት እርስዎ ነዎት። በአንድ እጅዎ አፍንጫውን፣ በሌላው አፉን። እሱም እየሳቀ ሊያመልጥ ታገለ፤ በትልቅ ሰው ላይ እጁን አያነሣ ነገር። አየር ሲያጥረው ነፋ። ጆሮው አፏጨ።

«ሐኪሟ የሞምባሳ ናት፣ ክሩ ግን የርካሽ ነው!» አሉ እርስዎ።

ሳቁን ሚዛኑ ጋ ሆኜ ሰማሁት። ሎብስተር እየመዘንኩ ነበር።

ማታ የጆሮው ጥጥ ላይ ደም ነበር። ከዚያ መግሉ ተመለሰ። በእርግጥ ናሆዛ መድኃኒት ልከውልኛል፤ ውለታቸውን አልደብቅም። ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት የኮኮናት ዘይት በጠርሙስ። «ሳይበርድ ጠብ ያድርገው» የሚል ቃልም ነበረው። ጆሮ ሳምቡሳ የሆነ ይመስል! ስዋሌ ግን የናሆዛ ነው ብሎ አክብሮ ጠብ አደረገው። ትኩሳቱ ተነሣበት። «ተነሥና ሐኪሟ ጋ እንሂድ» አልኩት። የሰሜኑ ነፋስ ካስካዚ ነፍሶ ባሕሩ ጠርቶ ነበርና «ወቅቱ ይለፍ እማ፤ ጀልባ ላይ ካልወጣሁ ከዳ ይሉኛል» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ጠልቆ ሲወጣ እርስዎ ጠየቁት፤ «አመመህ?»

«ምንም አላመመኝም።»

«እንግዲያው ድነሃል!» አሉ። ጀልባው ሁሉ ደስ አለው።

እዚህ ደሴት ላይ ያላመመ ጆሮ የዳነ ጆሮ ነው። ይህን ያህል ዓመት ከባሕር ጋር ኖረን፣ ይህን ያህል ሎብስተር አውጥተን፣ ያወቅነው ይህን ነው። ስዋሌን ከቀበርኩ በኋላ ሐኪሟን ሄጄ ጠየቅኋት። ደህና ታምቡር ውሃ ሲጫነው ያማል አለችኝ። የማያመው የተቀደደው ነው፤ ውሃው ሳይከለከል ወደ ውስጥ ይገባላ። ጥልቁ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባበት ደግሞ ራስ ይዞራል፤ ሰው ላይና ታቹን አይለይም። እንግዲህ «አላመመኝም» ሲላችሁ ምን እያላችሁ እንደነበር አስቡት።

አብሮት የሚጠልቀው ኮምቦ ነበር። ኮምቦን ታውቁታላችሁ፤ የሁለት ልጆች አባት ነው። ስዋሌ ሎብስተር የሚፈራትን ኦክቶፐስ በዱላ ጫፍ አስሮ፣ ሎብስተሮቹን ከድንጋዩ ሥር እያባረረ፣ ወደ ጥልቁ ጠርዝ ወረደ። ድንገት ዱላውን ለቀቀ። ከዚያ መዋኘት ጀመረ። «ኃይለኛ ዋና ነበር እናቴ» አለኝ ኮምቦ። «ወደ ላይ የሚሄድ ሰው ዋና ነበር። ግን ወደ ታች ነበር የሚሄደው። እግሩን ልይዘው ሞከርኩ፣ አልደረስኩበትም።»

ናሆዛ፣ ለልቅሶ መጥተው ደጄ ላይ ተቀመጡ። «የአላህ ውሳኔ ነው» አሉኝ። የአላህ ውሳኔ ነው፤ እሱን አልክድም። ነገር ግን የልጄን አፍንጫ የያዘው አላህ አይደለም።

ሊቀመንበር፣ ሰዓትህን አትይ። ማመስገኑ ጋ ልደርስ ነው።

መጀመሪያ ግን ኮምቦን ልጨርስ። ኮምቦም ጆሮው ይመግል፣ ራሱንም ያዞረው ጀመር። ሚስቱ ዘይነብ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻም እየጎተተች ሞምባሳ ወሰደችው። ተጠግኖ ከመጣ ገና ሁለተኛ ወሩ አልገባም። ባለፈው ሳምንት በናሆዛ ቦታ የተተኩት የእህታቸው ልጅ ማራገፊያው ላይ አገኙትና ምን አሉት? ምን ይሉታል፤ ካጎታቸው የወረሱት አንድ ነገር ነው። «አፍንጫህን ያዝ፣ ንፋ!» ኮምቦ እምቢ አለ። ሳቁበት። «የመስታወት ጆሮ» የሚል ስም አወጡለት። እሱም የወንድ ነገር ሆኖበት «ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ ታያላችሁ!» ብሎ ማለ። ዘይነብ ሚዛኑ ጋ መጥታ እግሬ ላይ ወደቀች። ኮምቦን ጠርቼ ለመንኩት። «እናቴ፣ እኔስ መቼ ጠላሁ? ናሆዛ ላሊ አትውረድ ቢሉኝ እቀር ነበር። ሌላ ሰው ካለኝ ፈራ ይባላል» አለኝ።

ሐሙስ ቤትዎ የመጣሁት ለዚህ ነው። ቢ ምዋናሐዋ ሻይ ቀዳችልኝ።

«ናሆዛ፣ ኮምቦን አትውረድ ይበሉት» አልኩ።

«እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጀልባው የእኔ አይደለም» አሉ።

«ጀልባውን ማን ጠየቀዎት? ቃልዎን ነው የምፈልገው።»

«ኮምቦ ትልቅ ሰው ነው፤ ራሱን ያውቃል። ልጆች አሉት።»

«እኔም የመጣሁት ልጆች ስላሉት ነው።»

ያን ጊዜ ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። አልሰሙኝም እንዳልል በቀኝዎ በኩል ነበር የተቀመጥኩት። ባሕር የማይፈሩት ሰውዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ፈሩ። «ተሳስቼ ነበር» እንዲሉ እንኳ አልጠየቅሁም። ዛሬም ያን ብጠይቅ፣ ስንጠብቅ ከዚህ የሚወጣ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ።

አሁን ላመስግን። የምለውን ከልቤ ነው የምለው።

ስዋሌ የቀረ ቀን ቦታው ጥልቅ ነው፣ አይደረስም ተባለ። ጎልማሶቹ ሁሉ ሞክረው ባዶ እጃቸውን ወጡ። ከደም ጋር የወጣም ነበር። እርስዎ በዚያ ዕድሜዎ፣ ማንም ሳይለምንዎ፣ ሸሚዝዎን አውልቀው ወረዱ። ሲወጡ ልጄን በክንድዎ አቅፈውት ነበር። ወደ እኔ ከማምጣትዎ በፊት ጀልባው ላይ አስተኝተው ፊቱን በንጹሕ ውሃ እንዳጠቡት፣ ከዓይኑ ላይ አሸዋውን በጣትዎ እንደጠረጉለት ነግረውኛል። ልጄን ሳየው የተኛ ይመስል ነበር። ባሕሩ ቢያስቀረው ኖሮ እስከ ዛሬ በር በሩን እያየሁ እኖር ነበር። መቃብር ያለኝ በእርስዎ ነው። ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ የምቀመጥበት ቦታ ሰጥተውኛል። ለዚህ አላህ ይስጥልኝ፤ እስክሞት አልረሳውም።

ደግሞ ይኸው ያናድደኛል፣ ናሆዛ። ለሞተ ልጅ እንደዚያ መውረድ የሚችል ሰው ለቆመ ልጅ አፉን መክፈት ያቅተዋል? ይህን ብዙ ጊዜ አሰብኩት። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ ነው።

ዕድሜዎን ያርዝመው። ጉልበትዎ ይታዘዝልዎ። ቢ ምዋናሐዋ በጩኸትዎ አትሰልች፤ የልጅ ልጅ አቅፋችሁ ተጦሩ። ስላቅ አይደለም። ልጁን የቀበረ ሰው ለማንም ክፉ ለመመኘት አቅም አይተርፈውም።

በሉ ብርጭቆዎቻችሁን አንሡ። የሎሚ ጭማቂ ነው፤ የሚዛን ክፍል ሴቶች ናቸው የጨመቁት። ግን ገና አትጠጡ።

ኮምቦ ከኋላ በኩል ተቀምጧል። ዘይነብ አጠገቡ ናት። ናሆዛ፣ ይነሡና ወደ እሱ ይሂዱ። እጅዎን ትከሻው ላይ ያድርጉ። እህትዎ የወለደችው አለቃ፣ ሊቀመንበሩም፣ እኛም ሁላችን እየሰማን እንዲህ ይበሉት፦ «ልጄ ኮምቦ፣ ሐኪሟ እስክትፈቅድልህ አትወርድም። የሚስቅብህ ቢኖር መጀመሪያ እኔ ጋ ይምጣ።» ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልፈልግም።

ይህን እንዳሉ ለጤናዎ አስቀድሜ የምጠጣው እኔ ነኝ። እስከዚያው እዚህ ቆሜአለሁ። ቅዳሜ ገና ነው።